ከጎጃም ሆኖ የአጥንት ባዮሜካኒክስ ተመራማሪ ለመሆን፦ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጀመሪያው ግምገማ

«ለስንት ፕሮፌሰር ኢሜይል ላክሁ፤ አንድም የመለሰልኝ የለም።» ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ የሚሰማው ቅሬታ በአብዛኛው ይኸው ነው። ቅሬታ አቅራቢዎቹ ሰነፎች አይደሉም። መካኒካል ወይም ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የጨረሱ ናቸው፤ ጠቅላላ ሐኪሞችም አሉባቸው። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ሰባተኛ መሆን ያለበትን ኢሜይል አንደኛ ያደርጉታል።

የአጥንት ባዮሜካኒክስ ማለት አጥንትና አጥንት የሚታሰርበት ብረት ጭነት ሲያርፍባቸው ምን እንደሚሆኑ የሚያጠና ሙያ ነው። ስለዚህ ማንንም ከመለመናችሁ በፊት በዚህ ሙያ ተጀምራ ያለቀች አንዲት የራሳችሁ ጥናት ትኑራችሁ። ትንሽ ብትሆንም ችግር የለም። አብስትራክቱም (ለጉባኤ የሚላከው የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ)፣ የፒኤችዲ ማመልከቻውም፣ የሙያ አገልግሎቱም የሚመጡት ከእሷ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህ አሰልቺ ናቸው። ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚሁ ነው።

ስም። የራሳችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደምትጽፉ አሁኑኑ ወስኑ። ፓስፖርት ካላችሁ የፓስፖርቱን ያዙ። ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ የመሰለ ስም ያላችሁ ደግሞ አንድ ላይ ይጻፍ ወይስ ለየብቻ፣ ቁርጡን አድርጉ። የውጭ ፎርም ሁሉ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም ከሞላችሁ ሥራችሁ በሁለት ሰው ስም ይበተናል። ከዚያ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ክፈቱ። በነፃ ነው።

ዘመን። ሐምሌ 2015 የተመረቀ ሰው ለውጭ አንባቢ የተመረቀው በጁላይ 2023 ነው። ጥቅምት 2015 ግን ኦክቶበር 2022 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ሲቪው ላይ አንዱን በኛ፣ አንዱን በነሱ አቆጣጠር የጻፈ ሰው ሳይመረቅ ሥራ የጀመረ ይመስላል።

ማስረጃ። ስቱደንት ኮፒ አይበቃም፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለባችሁ ሰዎች ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ጊዜ ስለሚወስድ ሬጅስትራር ቀድማችሁ ሂዱ። የስኮላርሺፕ ቀን ሲደርስ መሯሯጥ አያዋጣም።

ንባብ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ሂናሪ የሚባል አገልግሎት አለ። የኢትዮጵያ ተቋማት በእሱ በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን በነፃ ያነባሉ። የይለፍ ቃሉን የዩኒቨርሲቲያችሁን ወይም የሆስፒታላችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። አናውቀውም ካሏችሁ ኃላፊው ድረስ ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ከአጥንት ዋርድ አምጡ

1. ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ አጽፉ። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ጥበበ ጊዮን ወይም ፈለገ ሕይወት፣ ደብረ ማርቆስ ከሆናችሁ እዚያው ያለው ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሂዱ።

2. የጧት ስብሰባቸው ላይ ለመቀመጥ ፈቃድ ጠይቁ። ከኋላ ተቀመጡ፤ አትናገሩ፤ ጻፉ። በባጃጅ የተገጨው፣ ከዛፍ የወደቀው፣ ከፈረስ የወደቀው፣ ሁሉም ራጁ እየታየ ይወራለታል።

3. ሲበተኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «ዶክተር፣ ከተሠራለት በኋላ ተመልሶ የመጣ ስብራት ነበር? ፕሌቱ ነው የተሰበረው ወይስ ስክሩው ነው የላላው?» ፕሌት ስብራቱን የሚይዘው ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ስክሩው ከአጥንቱ ጋር የሚያስረው ብሎን። በጭራሽ «ምን ክፍተት አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የሚመለስላችሁ «ሁሉም ክፍተት ነው» የሚል ነው።

4. የሰማችሁትን አጣሩ። አንዳንዱ ጥያቄ ምርምር አይፈልግም። «9 ሚሊሜትር ኔል (አጥንቱ መሐል የሚገባ ዘንግ) ይሻላል ወይስ 10?» ለሚለው መልሱ ወረቀት ላይ አለ። ድፍን ዘንግ ሲታጠፍ ያለው ግትርነት (አልታጠፍ ባይነት) ከዲያሜትሩ አራተኛ ፓወር ጋር ይሄዳል። ስለዚህ 10ሩ ከ9ኙ 50 በመቶ ያህል ይበልጥ ግትር ነው። ማሽን ሳትነኩ ጨረሳችሁ።

5. ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆነው ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ የሚቀይር ነው። በዚህ መመሪያ የምንይዘው ምሳሌ ይህ ይሁን፦ ፕሌት ሲታሰር ከስብራቱ አጠገብ ያሉ ቀዳዳዎች ባዶ ቢተዉ ግትርነቱ ምን ያህል ይቀንሳል? ይህ በዓለም ላይ ብዙ የተጠና ነገር ነው። ለመጀመሪያ ሥራ የታወቀን መድገም ነውር የለውም። ቁጥራችሁ ከታወቀው ከራቀ ስህተት እንዳለባችሁ ስለሚነግራችሁ እንዲያውም ይሻላል።

ሐኪሙን ለምን ይገደዋል? ስብራቱ መሐል ያለው እንቅስቃሴ ለክፍተቱ ሲካፈል የሚገኘው መቶኛ አጥንቱ በምን መንገድ እንደሚድን ይወስናል። ከ2 በመቶ በታች ከሆነ አጥንት ከአጥንት በቀጥታ ይገጥማል። ከ2 እስከ 10 በመቶ ከሆነ ካለስ (ስብራቱን የሚከብ አዲስ አጥንት) እየሠራ ይድናል። በጣም ካለፈ አይገጥምም። 0.2 ሚሊሜትር እንቅስቃሴ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ላይ 10 በመቶ ነው፤ 10 ሚሊሜትር ክፍተት ላይ ግን 2 በመቶ ብቻ። ይህችን ስሌት በቃላችሁ ያዙ። ከሐኪም ጋር ስትነጋገሩ «ይሄ ልጅ ገብቶታል» የምታሰኘው እሷ ናት።

ስህተት ሲፈጠር። ስፔሻሊስቱ ጊዜ የለኝም ካሉ ሬዚደንቶቹን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩትን ሐኪሞች) ያዙ። ለመመረቂያቸው ጥናት መሥራት ስላለባቸው ርዕስ የሚፈልጉት እነሱም ናቸው።

ደረጃ 2፦ ሦስት ሰው

አንድ ሐኪም፣ አንድ የላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ አንድ ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው። ከሦስቱ በብዛት የሚረሳው ቴክኒሻኑ ነው። ማሽኑን የሚያውቀው፣ ቁልፉን የያዘው፣ ቅዳሜ የሚከፍትላችሁ እሱ ነው። ከመምህሩ ደብዳቤ ይዛችሁ ከላይ አትምጡበት። መጀመሪያ ሻይ ጋብዙት፤ ምን መሥራት እንደምትፈልጉ ንገሩት፤ «ይቻላል ወይ?» በሉት። የማን ስም በጽሑፉ እንደሚገባ፣ ማን አንደኛ እንደሚሆን በዚሁ ሳምንት በጽሑፍ ተስማሙ። በኋላ የሚመጣ ጭቅጭቅ ወዳጅነት ያፈርሳል።

ደረጃ 3፦ ፈቃድ

የታካሚ ራጅ ወይም ካርድ የምትነኩ ከሆነ የሥነ ምግባር ቦርድ ፈቃድ ከሥራው በፊት ይወጣል። ከሥራው በኋላ አይወጣም። ራጁ ጥግ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር ታትሞ ስለሚገኝ ምስሉን ቆርጣችሁ አስቀምጡ። በቴሌግራም አትቀባበሉት። ከቄራ የመጣ የእንስሳ አጥንት ቢሆንም ከቦርዱ «ሙሉ ግምገማ አያስፈልገውም» የሚል ወረቀት ያዙ። መጽሔቶች ይጠይቃሉ።

ደረጃ 4፦ ሙከራው

ብዙ ጥናት ዋጋ ቢስ የሚሆነው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

*አጥንት ማግኘት*

1. የበግ ቅልጥም ያዙ። መጠኑ ይመቻል፤ በዓለም ላይም ብዙ የተሠራበት ነው።

2. ካላንደር ተመልከቱ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ልኳንዳ ይዘጋል፤ ለ55 ቀን አጥንት ማግኘት ጭንቅ ነው። የፋሲካ ሰሞን ደግሞ አጥንት ሞልቷል፤ ግን ሽማግሌውም ጠቦቱም ተደባልቆ ይታረዳል። ዕድሜውን ሳታውቁ አትግዙ። አራጁን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ጥርሱን አይቶ ይነግራችኋል።

3. ከአንድ በግ የግራና የቀኙን ጥንድ ውሰዱ። በአንደኛው ከስብራቱ አጠገብ ያሉትን የፕሌቱን ቀዳዳዎች በስክሩ ሙሉ፣ በሌላኛው ባዶ ተዉ። የቱ እንደሚሞላ በዕጣ ለዩ። በበግና በበግ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ መንገድ ከመንገዳችሁ ይወገዳል።

4. የበሰለ አጥንት አትጠቀሙ። ሙቀት ኮላጅኑን (የአጥንቱን ፕሮቲን) ይቀይረዋል። ከቤት የተረፈ የቅልጥም ሾርባ አጥንት ጥናት አይሆንም።

*ማስቀመጥ*

1. በታረደ ዕለት ሥጋውን አጥሩ። አጥንቱን በቢላ አትቧጭሩ፤ ጭረቱ ስንጥቅ መጀመሪያ ይሆናል።

2. በኖርማል ሳላይን በራሰ ጎዝ ጠቅልሉት። ሁለት ፌስታል አልብሱት። ቁጥር፣ ግራ ወይም ቀኝ፣ ቀን ጻፉበት። መጻፊያው በውሃ የማይለቅ ይሁን።

3. ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። የሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ከምግብ ጋር አትቀላቅሉ።

4. ከሙከራው በፊት ያለውን ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከዚያ ክፍል ውስጥ ይሟሟ። አንዴ የሟሟውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

5. ሙከራው እስኪያልቅ ሳላይን እየረጫችሁ አርጥቡት። የደረቀ አጥንት ይበልጥ ግትር ይሆናል፤ ቶሎም ይሰነጠቃል። የምትለኩት አጥንቱን ሳይሆን ድርቀቱን ይሆናል።

ስህተት ሲፈጠር። መብራት ጠፋ። ዲፕ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። ከመጀመሪያው ጀምሮ በውሃ የተሞላ ትንሽ ጠርሙስ አቁማችሁ አቀዝቅዙና ውስጡ አስቀምጡ፤ በረዶው ላይ አንድ ሳንቲም አኑሩ። መብራት ሲመለስ ሳንቲሟ ወደ ታች ወርዳ ካገኛችኋት በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ያን ዙር ጣሉት። ያሳዝናል፤ ግን ጣሉት።

ማስጠንቀቂያ። ጥሬ አጥንት ስትቆርጡ ጓንት፣ መነጽርና ማስክ አድርጉ። ብሩሴሎሲስ ከበግና ከፍየል ወደ ሰው ይተላለፋል። በመጋዝ ሲቆረጥ የሚነሳው ብናኝ ደግሞ ወደ ዓይንና አፍንጫ ይገባል።

*ፕሌቱ*

ለታካሚ የሚሆን አዲስ ፕሌት ለሙከራ አትውሰዱ። ሐኪሙ ቢሰጣችሁ እንኳ አትቀበሉ። እዚህ አገር ያ ፕሌት የሚጠብቀው ሰው አለ። ከታካሚ የወጣ አሮጌ ፕሌትም ስንት ጊዜ እንደታጠፈ አይታወቅም። የሚሻለው ከአንድ የ316ኤል ስቴይንለስ ብረት ጠፍጣፋ ላይ በወርክሾፕ አስቆርጣችሁ፣ ቀዳዳዎቹን በአንድ ዓይነት ርቀት አስበስታችሁ መጠቀም ነው። በጽሑፉ ላይም «በወርክሾፕ የተሠራ» ብላችሁ በግልጽ አስቀምጡ። የብረቱ ግትርነት 190 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ነው፤ የጠንካራው አጥንት 17 እስከ 20፤ የታይታኒየም 110። ማሽኑ የሚሰጣችሁ ነገር ከእነዚህ ጋር የማይሄድ ከሆነ ቁሙ።

*ማሽኑ ላይ*

1. የማሽኑን አቅም እዩ። በፖሊም (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ) ሆነ በሌላ ካምፓስ የሚገኘው መሞከሪያ ማሽን ብዙ ጊዜ ለፌሮና ለኮንክሪት የተገዛ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ኒውተን ይጫናል። የበግ ቅልጥም ግን በጥቂት ኪሎ ኒውተን ይሰበራል። ይህ ማለት የሽንብራን ክብደት በእህል በረንዳ ሚዛን መለካት ነው። የካሊብሬሽን ወረቀቱን (ልኬቱ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠበትን) ጠይቁ። የተረጋገጠው ትንሹ ጭነት ስንት እንደሆነ አንብቡ። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ትንሽ ሎድ ሴል (ጭነቱን የሚለካው የማሽኑ ክፍል) ያለው ላብራቶሪ ፈልጉ፤ ወይም በሚታወቅ ክብደት፣ በዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴ የሚለካ ባለመርፌ መሣሪያ)፣ በእጅ ሥሩ። በእጅ የተሠራ ትክክለኛ ልኬት በውድ ማሽን ከተገኘ የተሳሳተ ቁጥር ይበልጣል።

2. የማሽኑን የራሱን መታጠፍ ለኩ። አጥንቱ ቦታ ወፍራም የብረት ብሎክ አስቀምጣችሁ ጫኑ። ብሎኩ አይታጠፍም፤ የታየው እንቅስቃሴ የማሽኑና የመያዣው ነው። እሱን ከአጥንቱ ቀንሱ። ወይም ዳያል ጌጁን በቀጥታ ከአጥንቱ ሥር ግጠሙ።

3. የአጥንቱን ሁለት ጫፍ በሬዚን ትከሉ። ጋራዥ የሚሸጠው የፋይበር ግላስ ሬዚን ይሠራል። ግን ሲደርቅ ይግላል፤ በአንዴ ብዙ አታፍሱ፤ አጥንቱን በራሰ ጎዝ ሸፍኑት።

4. አራት ነጥብ ማጠፍ ምረጡ። ሦስት ነጥብ ላይ ጫኙ በቀጥታ ፕሌቱን ወይም ስብራቱን ይመታዋል። አራት ነጥብ ላይ ግን በመካከል ያለው ሞመንት (የማጠፍ ጉልበቱ) እኩል ነው። በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት ለሁሉም አጥንት አንድ ዓይነት አድርጉ።

5. መጀመሪያ በጣም ትንሽ ጭነት ጫኑ፤ ሁሉም ነገር ይቀመጥ። ጥቂት ዙር ጭናችሁ አንሱ። ከዚያ ቀስ ባለና ለሁሉም አንድ በሆነ ፍጥነት ለኩ። ግትርነቱ የሚነበበው ከቀጥታው መስመር ዳገት ነው፤ ከመጀመሪያው ጎባጣ አይደለም።

6. ሁሉንም በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። የተንሸራተተ አጥንት ግራፍ ላይ «የተሰበረ» ይመስላል። ቪዲዮው እውነቱን ያወጣል።

ስህተት ሲፈጠር። መሐል ላይ መብራት ከሄደና አጥንቱ ካልተሰበረ አውርዱት፣ አርጥቡት፣ ከተራ ቁጥር 5 እንደገና ጀምሩ። መቋረጡን መዝግቡ። ግራፉ ላይ የመሰላል ቅርጽ ካያችሁ አጥንቱ እየተንሸራተተ ነው፤ ሬዚኑን ድገሙ።

*ጾም ላይ ከሆናችሁ ወይም ማሽን ከሌላችሁ*

አጥንት የማይፈልግ ሥራ አለ። እንጅባራ ዙሪያ ቀርከሃ ሞልቷል፤ ብዙ ወጌሻ ስብራትን የሚያስረው በእሱ ነው። አንዳንዴ እሰሩ ይጠብቅና እጅ ወይም እግር ጋንግሪን ይይዘዋል፤ ሆስፒታል የሚደርሰው ለመቆረጥ ነው። እሰሩ በስንት ጉልበት እንደሚጨምቅ መለካት ትችላላችሁ። የፒቪሲ ቱቦ ላይ ስፖንጅ ጠቅልሉ፤ ከላዩ የሕፃናት የደም ግፊት መለኪያ ከረጢት አስቀምጡ፤ በቀርከሃ እሰሩ፤ ጌጁን አንብቡ። ገመዱን አርጥባችሁ ሲደርቅ እንደገና አንብቡ። በጡንቻ ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ታችኛው የደም ግፊት ሲጠጋና ልዩነታቸው ከ30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና ይነሳሉ። የናንተ ቁጥር የቱቦ ላይ ነው፤ የሰው አይደለም። ግን የትኛው አስተሳሰር ከየትኛው ይብሳል የሚለውን ያሳያል። በሰው ላይ በጭራሽ አትሞክሩ።

ወጌሻው ጋ ስትሄዱ እንደ መርማሪ አትሂዱ። ጋሼ ወይም አባባ በሏቸው፤ እንዴት እንደሚያስሩ ያሳዩአችሁ። ስማቸውን አትጻፉ። ውጤቱን መጀመሪያ ለሳቸው ተመልሳችሁ ንገሩ።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ

አንድን አጥንት ሦስት ጊዜ መለካት ሦስት ናሙና አያደርገውም። ናሙናው በጉ ነው። ስንት በግ እንደሚያስፈልግ ስታቲስቲክስ የሚያውቀው ጓደኛችሁ በቅድሚያ ያስላ። ለመጀመሪያ ሙከራ ጥቂት ጥንድ ይበቃል፤ ግን «የመጀመሪያ ሙከራ» ብላችሁ ጥሩት።

ኮምፒውተር ላይ ሞዴል መሥራት የምትወዱ፣ ኤፍኢቢዮ፣ ኦፕንሲምና ስሪዲ ስላይሰር በነፃ ይገኛሉ። የተሰረቀ ሶፍትዌር አትጠቀሙ፤ መጽሔት ፈቃዱን ሊጠይቅ ይችላል። ሞዴሉን ከለካችሁት አጥንት ጋር ሳታመሳክሩ አታሳትሙ። ሜሹን (ሞዴሉ የተከፋፈለበትን መረብ) አጥብቡና ውጤቱ መለወጥ ሲያቆም አሳዩ። ባለቀለም ሥዕል ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

አብስትራክቱ አራት ነገር ይይዛል፦ ለምን፣ እንዴት፣ ስንት፣ ምን ማለት ነው። «ስንት» የሚለው ቦታ ላይ ቁጥር ከሌለ አትላኩ። «ጥናቱ ጠቃሚ ውጤት አሳይቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ውድቅ ያስደርጋል።

ደረጃ 6፦ የት ይላክ

ከቅርብ ጀምሩ። የዩኒቨርሲቲያችሁ ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ፣ ከዚያ የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ። ከዚያ ወደ ውጭ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የአሜሪካው ኦርቶፔዲክ ሪሰርች ሶሳይቲ በየዓመቱ ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የባዮሜካኒክስ ማኅበር በየሁለት ዓመቱ፤ የዓለም የባዮሜካኒክስ ኮንግረስ ደግሞ በየአራት ዓመቱ። ዓለም አቀፉ ማኅበር ከድሃ አገር ለሚመጡ ተመራማሪዎች የተለየ ድጋፍ አለው። የክፍያ ቅናሽ የሚጠየቀው ከመመዝገብ በፊት ነው፤ ከከፈላችሁ በኋላ የሚመልስ የለም።

ሰዓት። የመዝጊያ ሰዓቱ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ 11:59 ፒኤም ከሆነ እኛ ጋ በማግስቱ ረፋድ ነው፤ በኛ አቆጣጠር በክረምታቸው (በብርዱ ወራት) ከጧቱ 4:59፣ በበጋቸው (በሙቀቱ ወራት) 3:59። ግን በዚያ አትመኩ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰበብ የሚሰማችሁ የለም። ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድማችሁ አስገቡ።

ማስጠንቀቂያ። «ጽሑፍዎን በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል ኢሜይል ከመጣ ሰርዙት። እውነተኛ መጽሔት ሳይገመግም አያትምም። ወንበራችሁን ሳትለቁ የምታጣሩበት መንገድ ይኸውላችሁ፦ የኤዲተሩን ስም ፈልጉ፤ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ያንን ሥራ ጠቅሶታል? ካልጠቀሰ ራቁ። ጽሑፍና ቲሲስ ሠርተው የሚሸጡ ደላሎችም በየከተማው አሉ። ከነሱ የተገዛ አንድ ጽሑፍ ከአሥር ዓመት በኋላም ይከተላችኋል።

ደረጃ 7፦ አሁን ኢሜይሉ

1. ለአንድ ሰው አንድ ኢሜይል። አንዱን ለብዙ ሰው አባዝቶ መላክ በአንድ እይታ ይታወቃል።

2. «ክቡር ሆይ» ብሎ መጀመር ይቅር። ማዕረጉንና የቤተሰብ ስሙን ጻፉ።

3. የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሠራችሁትን ይናገር፦ በስንት ጥንድ የበግ አጥንት፣ ምን ቀይራችሁ፣ ስንት በመቶ ለውጥ እንዳገኛችሁ። ሁለተኛው የእሱ የትኛው ጽሑፍ ላይ ምን እንዳልገባችሁ። ሦስተኛው ምን እንደምትፈልጉ። በቃ። ስለ ድህነታችሁ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ህልማችሁ አትጻፉ። ያ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚወስነው ሥራው ነው።

4. አንድ ገጽ ፒዲኤፍ አያይዙ። አንድ ግራፍ፣ አንድ ፎቶ ከማሽኑ ላይ።

5. ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱ። ከዚያ ተዉት፤ ወደሚቀጥለው እለፉ።

*የድጋፍ ደብዳቤ*

መምህራችሁ «ጻፍና አምጣ፣ እፈርማለሁ» ይሏችሁ ይሆናል። አትቀበሉ። በእናንተ ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ከማመልከቻችሁ ጋር አንድ ዓይነት ስለሚሆን ይነቃበታል። ይልቅ «መምህር፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያዩኝን ቢጽፉልኝ፤ ነጥቦቹን እኔ ላዘጋጅልዎ» በሉ። ብዙ የውጭ ሲስተም ከጂሜይል የመጣ ደብዳቤ አይቀበልም። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው ይሠራ እንደሆነ ከወር በፊት አረጋግጡ። ካልሠራ አይሲቲ ቢሮ ሄዳችሁ ከሳቸው ጋር አስከፍቱ።

*ቃለ መጠይቅ*

በርሊን 3:00 ፒኤም የተባለ ቀጠሮ እኛ ጋ በክረምታቸው ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በበጋቸው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው 9 ሰዓት ወይም 3 ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለማረጋገጥ ስትጽፉ የኛን አቆጣጠር አትቀላቅሉ፤ በነሱ ጻፉ። ሁለት ሲም፣ ሙሉ ባትሪ፣ በስልክ ቁጥር የመደወል አማራጭ አዘጋጁ። ኔትወርክ ሊቋረጥ እንደሚችል ቀድማችሁ በኢሜይል ንገሩ። ከተቋረጠ በኋላ ከምታስረዱ አስቀድማችሁ ብትናገሩ ይሻላል።

የሚጠየቁት ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ሙከራህ ላይ ደካማው ነገር ምንድን ነው?» «ምንም የለም» ያለ ወደቀ። የበግ አጥንት የሰው አለመሆኑን፣ አንዴ መጫን ከሺህ ጊዜ እርምጃ ጋር እንደማይመሳሰል፣ ጡንቻ አለመኖሩን ተናገሩ።

ደረጃ 8፦ የሙያ አገልግሎት

ይህን «ፕሮፌሰር ስሆን» ብለው የሚያቆዩት አሉ። ተሳስተዋል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲ እድገት ሲታይ ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት ይቆጠራል። ለእያንዳንዷ ደብዳቤ አጽፉ፤ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ።

1. በወር አንዴ የመሐንዲስና የሐኪም የንባብ ክበብ ክፈቱ። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጀበና ቡና። ከሐኪሞቹ የሥራ ቀን በኋላ ይሁን፤ የኦፕሬሽን ቀን አይሁን።

2. የሆስፒታሉን ተቀማጭ የኤክስተርናል ፊክሴተር (ስብራትን ከቆዳ ውጭ የሚይዝ ብረት) ክላምፖች፣ ማለትም መቆንጠጫዎች፣ በነፃ ፈትሹላቸው። ደጋግመው የተጠቀሙባቸው ክላምፖች ይላላሉ። የትኛው በስንት ኒውተን እንደሚንሸራተት ሠንጠረዥ አዘጋጅታችሁ ስጡ። ውሳኔው ግን የነሱ ነው፤ «ይህን ጣሉ» አትበሉ።

3. ግምገማ ተለማመዱ። መምህራችሁ ለመጽሔት የተላከ ጽሑፍ ሲገመግሙ አብራችሁ እንድትሠሩ ጠይቁ፤ ስማችሁ ለኤዲተሩ ይነገር። ጽሑፉን ለሌላ ሰው አታሳዩ፤ የኤአይ ቻት ውስጥም አታስገቡ። ሚስጥር ነው።

4. ግምገማ ስትጽፉ እዚህ የለፋችሁበትን ጠይቁ፦ አጥንቱ እንዴት ተቀመጠ? ስንት ጊዜ ሟሟ? ሎድ ሴሉ ስንት ነው? የማሽኑ መታጠፍ ተቀንሷል? ናሙናው በግ ነው ወይስ ልኬት? ትልልቅ ነጥቦችን አስቀድሙ፤ የፊደል ስህተት መጨረሻ ላይ ይሁን። ደራሲውን አትሳደቡ።

5. የማታውቁት ርዕስ ከመጣ፣ ወይም ደራሲው የምታውቁት ሰው ከሆነ፣ በሁለት ቀን ውስጥ «አልችልም» ብላችሁ መልሱ። ዝም ማለት ከእምቢታ ይብሳል። ጊዜው ካለፈባችሁም ለኤዲተሩ ጻፉ፦ ስንት ቀን እንደምትፈልጉ፣ ወይም ሌላ ሰው እንዲፈለግ። ብዙ ጊዜ ይጨምሩላችኋል።